የሬንጅ ፎርሙላ ሸምድዳችሁ ፈተና አትግቡ

ኮምቦልቻ ፍሬሽማን እያለሁ ያቃጠለኝ ኮርስ ፊዚክስ ነው። ከፊዚክስም ፕሮጀክታይል፣ የተወረወረ ነገር ጉዞ ማለት ነው።

ጅማሬው አያስቸግርም፣ አብሽሩ። ፍጥነቱን በሳይንና በኮሳይን ለሁለት ትከፍሉታላችሁ። አግድሙ አይለወጥም። የሽቅቡን ስበት ይጎትተዋል። ጫፍ ላይ ሲደርስ የሽቅብ ፍጥነቱ ዜሮ ይሆናል፣ ስበቱ ግን እዚያም አለ። ይኼ የአንድ ማታ ጥናት ነው።

ጉዱ ያለው ሬንጅ ላይ ነው፣ የተወረወረው ነገር እስኪያርፍ በአግድም የሚሄደው ርቀት ላይ። የተሰጠን ሃንድአውት ሦስት ፎርሙላ በሳጥን ከትቶ «በቃላችሁ ያዙ» ይላል። ሬንጅ ማለት የፍጥነቱ ስኩዌር፣ ሲባዛ በእጥፍ አንግሉ ሳይን፣ ሲካፈል ለጂ፣ ለስበት ፍጥንጥነት ማለት ነው። አለቀ። መቼ እንደሚሠራ አንድ መስመር እንኳ የለም! የሚሠራው ደግሞ የተወረወረው ነገር በተነሳበት ከፍታ ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው። እኔ ያደግሁት ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ነው። እኛ ሰፈር የተለጋ ኳስ አጥር ዘሎ ታች ያለ ሰው ግቢ ነው የሚገባው። በተነሳበት ከፍታ ማረፍ ብሎ ነገር የለም።

ሚድ ፈተና ላይ የመጣው ይኼው ነበር። 15 ሜትር ከፍታ ካለው ፎቅ ላይ፣ በ30 ዲግሪ፣ በሰከንድ 20 ሜትር ተወረወረ፤ ጂ 10 ይሁን። ሳጥኑን ያመነ 34.6 ሜትር ብሎ ወጣ። መልሱ 52 ገደማ ነው። መምህሩን ብንጠይቀው «ጥያቄውን በደንብ አንብቡ» አለን። እሺ፣ ሃንድአውቱንስ ማን ያንብብልን?

እኔ የምላችሁ፣ ሦስቱንም ሳጥኖች ሰርዟቸው። ሁሌም ከጊዜ ጀምሩ፤ አግድሙንና ሽቅቡን የሚያገናኛቸው እሱ ብቻ ነው። እዚህ የሽቅብ ፍጥነቱ 10 ነው። 15 ሲደመር 10 በጊዜው፣ ሲቀነስ 5 (የጂ ግማሽ) በጊዜው ስኩዌር፣ ዜሮ የሚሆነው መቼ ነው? በ3 ሰከንድ። 15 እና 30 ሲደመር 45፣ ሲቀነስ 45። አግድሙ 17.3 ነው፣ በ3 አባዙት።

«45 ዲግሪ ከሁሉም ይርቃል» የሚባለውንም ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ለሜዳ ልክ ነው። ከዚያ ፎቅ ላይ ግን 45 የሚወስደው 51.6 ሜትር ነው፤ 30 ዲግሪ ይበልጠዋል። ከሁሉም የሚርቀው 37 አካባቢ ነው።

ዘንድሮ የገባው የአክስቴ ልጅ ሃንድአውቱን አሳየኝ። ፎቶ ኮፒው ደብዝዟል እንጂ ሳጥኖቹ እንዳሉ ናቸው።