ቡዛሰፍን ይዋስፍ ያደረገችው ነጥብ

ባለፈው ሳምንት አንድ የዐረብኛ ቃል ያለማንም እርዳታ አነበብኩ። የሰው ስም ነው፤ ስድስት ፊደል ብቻ። ከአንድ ዓመት በላይ ለፍቶ ያገኘው ፍሬ ይህ ነው ወይ ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። እኔ ግን ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ ተነሥቼ ቡና አፈላሁ።

ነገሩ የጀመረው «በረላም ወይዋስፍ» ከሚባለው የግዕዝ መጽሐፍ ነው። አንድ የሕንድ ንጉሥ ልጁ ይዋስፍ ዓለምን ንቆ እንዳይመንንበት ፈርቶ በቤተ መንግሥት ዘግቶ ያሳድገዋል። ልጁ አንድ ቀን ወጣ ሲል በሽታንና እርጅናን በዓይኑ ያያል፤ ሞትም እንዳለ ይረዳል። ከዚያ በረላም የሚባል መናኝ ነጋዴ መስሎ፣ የከበረ ዕንቍ ይዣለሁ ብሎ ይገባና ያስተምረዋል። ይህን ታሪክ አስቀድሜ አውቀው ስለነበር የቡድሃን ሕይወት የሚተርክ ጽሑፍ እጄ ሲገባ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ «ይህማ ይዋስፍ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ለካ ሊቃውንቱ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምረው ያወቁት ነገር ኖሯል።

ስለ መጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ የምለው የለኝም። የነገሥታት ዝርዝር ገለበጥኩ፤ ካርታ ሣልኩ፤ አባሲዶችን (ከባግዳድ የገዙትን የሙስሊም ኸሊፋዎች ሥርወ መንግሥት) በአረንጓዴ፣ ባይዛንታይንን በቀይ ቀባሁ። ካርታው ያምራል፤ ያስተማረኝ ነገር ግን ትንሽ ነው። ከዚያ ይልቅ የረባኝ የአንዱን ታሪክ መንገድ ብቻ ተከትሎ መሄድ ነበር (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኩ ከሕንድ ተነሥቶ በመካከለኛው እስያ የራሱን ሃይማኖት ከመሠረተው ከማኒ ተከታዮች እጅ ገባ፤ በዛሬዋ ምዕራብ ቻይና ባለችው ቱርፋን ላይ የተገኙ ቁርጥራጭ ጽሑፎች ይህን ያሳያሉ። ባግዳድ በ762 ከተቆረቆረች በኋላ በአባሲዶቹ ዘመን በዐረብኛ ተጻፈ። ከዐረብኛው ጆርጂያውያን ወስደው ክርስትና አነሡት። በ1028 ያረፈው በግሪክ የገዳማት ተራራ በአቶስ የኖረው ጆርጂያዊ መነኩሴ ኤውቲሚዮስ ወደ ግሪክ እንደመለሰው ብዙዎች ይስማማሉ፤ በ1048 ደግሞ ላቲን ሆነ። ባርሴሎና ላይ ኢብን ሐስዳይ የሚባል አይሁዳዊ ከዐረብኛው ወደ ዕብራይስጥ አምጥቶታል። የግሪኩ ቅጂ እንደገና ወደ ዐረብኛ ዞሮ በክርስቲያኖች እጅ ከቆየ በኋላ እጨጌ ዕንባቆም በ1553 ለዐፄ ገላውዴዎስ ወደ ግዕዝ ተረጐሙት። እጨጌው ራሳቸው ከየመን የመጡ፣ በእስልምና ያደጉ ሰው ነበሩ፤ «አንቀጸ አሚን» በሚባለው መጽሐፋቸው ቁርኣንን እየጠቀሱ ይከራከራሉ። ለዚህ መጽሐፍ ከእሳቸው የተሻለ ተርጓሚ ከየት ይገኛል?

እዚህ ላይ ልናዘዝ። ይህን ሁሉ ከማወቄ በፊት ለጓደኞቼ፣ ቡና እየጠጣን፣ «ታሪኩ ከሕንድ በመርከብ ቀጥታ ወደ እኛ መጣ» ብዬ በሙሉ ልብ አስረድቼ ነበር። አንዳቸውም አልተከራከሩኝም፤ እስከ ዛሬም አላረምኩም።

ያስቸገረኝ ግን መንገዱ ሳይሆን የልጁ ስም ነው። ቡድሃ ከመብቃቱ በፊት የሚጠራበት ማዕርግ ቦዲሳትቫ ነው። ዐረቦቹ ቡዛሰፍ አሉት፤ እስከዚህ ድረስ ግልጽ ነው። ጆርጂያውያኑ ዮዳሳፍ፣ ግሪኮቹ ዮአሳፍ፣ እኛ ይዋስፍ አልን። «ቡ» እንዴት ብሎ «ዮ» ይሆናል? ሁለት ወር ሙሉ ይህን ይዤ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ «በ» ላልቶ «ወ» ይሆናል፣ «ወ»ም ወደ «የ» ይሄዳል የሚል የራሴን ንድፈ ሐሳብ ፈጥሬ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ሦስቱንም ገጽ ይዤ ሕፃናትን ቁርኣን ወደሚያስቀሩት ጎረቤቴ ሄድኩ።

ሼኹ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ «ለመሆኑ ልጄ፣ ፊደሉን ታውቀዋለህ?» አሉኝ። አላውቀውም። ወረቀቴን ገልብጠው በጀርባው ላይ አንዲት ትንሽ ጥርስ የመሰለች ጭረት አወጡ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«አላውቅም፣ ሼኽ።»

«እኔም አላውቅም» አሉ። ከዚያ ከሥሯ አንድ ነጥብ ጣሉ። «አሁን ባ ነው።» ሌላ ነጥብ ከጎኗ ጨመሩ። «አሁን ያ ነው።» እንደገና ጥርሷን ብቻዋን ጽፈው ከላይ አንድ ነጥብ ሲያደርጉባት ኑን፣ ሁለት ሲሆን ታ፣ ሦስት ሲሆን ሣ ሆነች።

በቃ። ድምፁ አልተለወጠም፤ አንድ ጸሐፊ ነጥብ አብዝቷል። ቡዛሰፍ ዩዛሰፍ ሆነ። በዚሁ ስም ውስጥ ያለችው «ዛል» የምትባለው ፊደል ደግሞ የራስዋ ነጥብ ስትወድቅባት «ዳል» ትሆናለች፤ የጆርጂያውያኑን «ዳ» ሳይ ይህችኛዋ ነጥብ ትዝ ትለኛለች። የድሮ የዐረብኛ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ነጥብ ይዘልላሉ፤ ያነበበ የሚያውቀውን ስም ካላገኘ በግምት ይሞላል። እኛስ ብንሆን ፮ንና ፯ን ስንቴ አምታተናል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ንድፈ ሐሳብ ትቼ እጄን ማሠልጠን ያዝኩ። መሣሪያዬ የልጆች ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ ነው። ስሙን ነጥብ አልባ አድርጌ በጥቁር እጽፈዋለሁ፤ አንድ ቀን አሳድረዋለሁ፤ በማግስቱ ያለ ነጥቡ ለማንበብ እሞክርና ነጥቦቹን በቀይ እጥላለሁ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ጥርስ «ባ» ይመስለኝ ነበር። አራት ወር ወሰደብኝ። የኔታ ፊደል ሲያስቆጥሩኝ ስንጥር በእያንዳንዱ ፊደል ላይ ያሳርፉ የነበረው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ፤ ዓይን ሳያርፍ አይማርም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ የመካከለኛውን ዘመን ለማጥናት የምትነሡ ከነገሥታት ዝርዝር አትጀምሩ፤ የአንድ ሌላ ሕዝብ ፊደል በእጃችሁ ጻፉ። በላቲን ፊደል የተገለበጠ ስም ላይ የምትደገፉ ደግሞ ተዉት። በላቲን ሲጻፉ ቡዛሰፍና ዩዛሰፍ ፈጽሞ አይተዋወቁም፤ በዐረብኛው ግን ልዩነታቸው የትንኝ ዓይን ታክላለች። ይህን እያልኩ የጆርጂያኛውን ስም ያነበብኩት በላቲን ፊደል ተገልብጦ መሆኑን መደበቅ አልችልም። ከጆርጂያ ፊደላት የማውቀው በዮዳሳፍ ስም ውስጥ ያሉትን ስድስቱን ብቻ ነው። የዐረብኛ ሰዋስውም ገና አልጀመርኩም። በእጅ የተጻፈ የብራና ፎቶ ሲሰጡኝ አንድ መስመር አልዘልቅም፤ የማነበው የታተመ ብቻ ነው።

ለትዕግሥት የረዳኝ አንድ ነገር ቢኖር በመጽሐፉ ውስጥ ያለችው የጉድጓዱ ምሳሌ ናት። አውሬ ያባረረው ሰው ጉድጓድ ውስጥ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ዘንዶ አፉን ከፍቷል፤ ነጭና ጥቁር አይጦች፣ ማለትም ቀንና ሌሊት፣ ሥሩን ይቆረጥማሉ። እሱ ግን ከቅርንጫፉ የሚንጠባጠበውን ማር ይልሳል። የሚያባርረው አውሬ በዐረብኛው ዝሆን ነበር፤ በግሪኩ ባለ አንድ ቀንድ አውሬ ሆኗል። ማሩን ግን ማንም አልነካውም።

አሁን የያዘኝ የመናኙ ስም ነው። በዐረብኛ ቢለውሀር፣ በጆርጂያኛ ባላህቫር፣ በግሪክ ባርላአም ይባላል። እንደ ለመድኩት ነጥብ ፍለጋ ተነሣሁ፤ «ረ»ዋ ግን ከስሙ ጫፍ ወደ መሐል እንዴት እንደመጣች፣ «ሀ»ዋም የት እንደጠፋች ምንም ነጥብ ሊያስረዳኝ አልቻለም። ደብተሬን ይዤ እንደገና ሼኹ ዘንድ ሄድኩ። አገላብጠው አዩት፣ ቀዩን እስክሪብቶ ከእጄ ተቀብለው ክዳኑን ገጠሙና መለሱልኝ። «እኔ ነጥብ አስተማርኩህ እንጂ ግሪክ አላስተማርኩህም» አሉኝ።