ሜትር ይዘን ጀጎል ገባን

ዛሬ በማለዳ ከድሬዳዋ ተነስተን ሐረር ሄድን፤ ጀጎል ውስጥ አንድ ነባር ቤት ለክተን እንድንስል ታዘን ነበር። አራት ዓመት አርክቴክቸር ተምሬ አንድ ክፍል ለመለካት ግማሽ ቀን ፈጀሁ! የድንጋዩ ግድግዳ ወፍራም ነው፤ እዚህ የለካሁት ውፍረት እዚያ አይደገምም። ከሁሉ የገረሙኝ ነደባዎቹ ናቸው። ወለሉ ራሱ ከፍና ዝቅ እያለ መቀመጫ ይሆናል፤ ማን የት እንደሚቀመጥም ይታወቃል። እኛ ትምህርት ክፍል ውስጥ ሳሎን ስለን በሶፋ እንሞላዋለን።

የቤቱ እመቤት ቡና እያቀረቡ፣ «ልጄ፣ ቤት ነው የምትሠራው ወይስ ወረቀት?» አሉኝ። ሣቅሁ እንጂ መልስ አልነበረኝም።

አጎቴ እስካሁን «መሐንዲሱ» ይለኛል፤ የብረትና የኮንክሪቱን ስሌት የሚሠራው ሌላ ባለሙያ መሆኑን ማስረዳት ትቻለሁ። ጓደኞቼ የሚያስቡት ስለ ዲዛይን ቢሮ፣ ስለ ግንባታ ቁጥጥር፣ አንዳንዶቹም ስለ ማዘጋጃ ቤት የከተማ ፕላን ሥራ ነው። እኔ ግን ዛሬ ልቤ ወደ ቅርስ ጥገና አዘነበለ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የሚፈርሰውን በነባሩ አሠራር የሚጠግን ሰው ግን ሁልጊዜ ያስፈልገዋል። (ደመወዙን ለእናቴ ገና አልነገርኳትም።)

ማታ ቤት ገብቼ ልኬቶቹን ስደምር 12 ሴንቲሜትር ጎደለ። ቅዳሜ ተመልሼ እሄዳለሁ።