ለውሾች የሚጻፍ ማመልከቻ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሣው ንፋስ እንኳ ያልገፈፈው ድብርት ተጫጭኖኝ ዋለ። ጠረጴዛዬ ላይ «ጉዳዩ፦ ውሾቻችንን ፈተን የምናናፍስበት ቦታ እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ» ከሚል አንድ መስመር በቀር ምንም ያልሰፈረበት ወረቀት ተዘርግቷል። ውሻ ያለን የሰፈር ሰዎች ተሰባስበን ለከተማው አስተዳደር ማመልከቻ እናስገባ ስንባባል ጽሑፉ ለእኔ የተሰጠው «አንተ አማርኛህ ጥሩ ነው» ተብሎ ነው፤ በዚህ አገር አማርኛው ጥሩ የተባለ ሰው የዕድሜ ልክ ጸሐፊ ሆኖ እንደሚቀር የማያውቅ የለም።

ሐሳቡን ያመጣችው መ. ናት። አሜሪካ በነበረችበት ጊዜ ያየችውን ስትተርክልን፣ በካሊፎርኒያ በርክሌይ በ1979 እ.ኤ.አ. ከተከፈተው ከኦሎኒ የውሾች መናፈሻ ጀምራ የኒው ዮርክን አሠራር አስከተለች። በኒው ዮርክ የታጠረ ቦታ ከመስጠት በተጨማሪ ሰዓትም ይሰጣል፤ በተመረጡ ፓርኮች ከመክፈቻ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ደግሞ እስከ መዝጊያ ድረስ ውሻ ያለ ማሰሪያ መሮጥ ይችላል፤ ባለቤቱ ግን የፈቃድና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስረጃ መያዝ አለበት። ሌሎቹ ስለ ቦታው ሲከራከሩ እኔ በሰዓቱ ነገር ላይ ቀረሁ።

እኛም ለውሻ ሰዓት አለንና። «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ በተጻፈበት በር ውስጥ ያለ ውሻ ቀኑን ታስሮ ይውላል፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ገብቶ በሩ ሲቀረቀር ይፈታል። ውሻዬ ቡቺ የሚታሰርበት ቦታ ሰንሰለቱ እስከሚደርስበት ድረስ ሣር የማይበቅልበት ክብ ነው፤ ከክቡ አንድ ጣት አልፎ ግን ሰርዶው ለምልሟል። ማታ የመቀርቀሪያውን ድምፅ ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። ስፈታው በግቢው አጥር ሥር አንድ ጊዜ ይዞርና፣ የውሃውን በርሜል አሽትቶ፣ ማንም ሳያዘው በሩ ሥር ተኝቶ መጠበቅ ይጀምራል። የተሰጠው ነፃነት ከሥራ ሰዓቱ ጋር አንድ ሆኖ ሳለ ለእርሱ መናፈሻ የምጠይቀው በማን ስም ነው?

ማልዶ ይዤው በወጣሁ ቁጥር ሰው የሚሸሸውም ያለ ነገር አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ያህል ስለሆነ ለሁለታችንም ደኅና መንሸራሸሪያ ነበር፤ ነገር ግን ከፊት የሚመጣው ሁሉ ገና ከሩቅ ሲያየን ወደ ሌላው ጠርዝ ይሻገራል፣ እናቶችም ልጆቻቸውን ከኋላቸው ያደርጋሉ። አልፈርድባቸውም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ በሽታው በሰው ላይ ከሚደርስበት መንገድም 99 ከመቶው የውሻ ንክሻ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 ከመቶው ከተከተቡ ግን የመተላለፉ ሰንሰለት እንደሚበጠስ የዓለም ጤና ድርጅት ያስረዳል። እኔን ቢጠይቁኝ ማመልከቻው መጀመር ያለበት ከክትባቱ ነው፤ ያልተከተበ ውሻ ቦታው ውስጥ አይገባም ብለን እኛው ራሳችን ቀድመን ብንጽፍ ይሻላል። ያለዚያ መንገድ ላይ ሳይታሰር የታየ ውሻ ባለቤት እንደሌለው ይቆጠራል፣ ባለቤት ለሌለው ውሻ ደግሞ በከተሞቻችን መርዝ ሲጣልለት ኖሯል።

ይህን ሁሉ ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘ. ባስረዳቸው ቡናቸውን እየቀዱ «ልጄ፣ ሰው አረፍ የሚልበት የሐይቅ ዳር ጠፍቶ ለውሻ ይሰጣል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከሐይቁ ዳር ብዙው ታጥሯል፤ ጣናን ቁጭ ብሎ ለማየት ማኪያቶ የሚያዝዝ ሕዝብ ፊት የውሻ ሜዳ ብሎ መነሣት ቅንጦት ያስመስላል። መ. ግን ይህንንም ሰምታ አላፈገፈገችም፤ ቦታው ከሐይቁ የራቀ ይሁን፣ ሰዓቱም ጎሕ ሲቀድ ይሁን፣ ብቻ ይጻፍ ትላለች። እውነቷን ሳይሆን አይቀርም።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ሜዳው ተፈቅዶልን፣ ታጥሮ፣ ሪባኑ ተቆርጦ የቡቺን ማሰሪያ የፈታሁ ዕለት አንድ ጊዜ በአጥሩ ሥር ዞሮ፣ በሩ ሥር ተኝቶ፣ የጎረቤቶቼን ውሾች ከነባለቤቶቻቸው አላስገባም የሚል ይመስለኛል። ጸሐፊ ነኝና፣ ይህን በማመልከቻው ላይ ላስፍረው ወይስ ልተወው?