ተውጦ ያልደረሰ መድኃኒት

ባለፈው ክረምት ደሴ የምትኖረው አክስቴ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሲፕሮፍሎክሳሲን (በአጭሩ ሲፕሮ) የተባለ ፀረ ባክቴሪያ ታዘዘላትና ሰባቱን ቀን አንዲት ክኒን ሳታጎድል ዋጠች፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ግን ሕመሙ ተመለሰባት። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ በመድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝና መጀመሪያ የመጣልኝ ጥያቄ በልማድ የምንጠይቀው ነበር። «እትዬ፣ ሲሻልሽ አቋርጠሽው ይሆን?» አልኳት። «ኧረ አላቋረጥኩም ልጄ! ጨጓራዬን እንዳያቃጥለኝ ብዬ ከነጩ ሽሮፕ ጋር፣ ሽሮፑ ሲያልቅብኝ ደግሞ በወተት ነው የወሰድኩት» አለችኝ።

መልሷ ለብዙ ቀን ከሐሳቤ አልወጣም። ነጩ የጨጓራ ሽሮፕ በአብዛኛው አሉሚኒየምና ማግኒዚየም፣ ወተት ደግሞ ካልሲየም አለው፤ እነዚህ ማዕድናት ሲፕሮፍሎክሳሲንን አንጀት ውስጥ ይዘው ያስሩታል፤ የታሰረው መድኃኒትም የአንጀትን ግድግዳ አልፎ ወደ ደም መግባት ስለማይችል ከሰገራ ጋር ይወጣል። ከሽሮፑ ጋር በአንድ ጊዜ ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን እስከ 90 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ሲፕሮው ከሽሮፑ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ የሚኖርበትም ለዚህ ነው። ይህን የነገራት ሰው አልነበረም፤ ሲፕሮውን ያዘዘላት ባለሙያ ሽሮፑን አላየም፣ ሽሮፑን ያለ ማዘዣ የሸጠላት ሰውም ስለ ሲፕሮው አልጠየቃትም።

ብዙ ሰው «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» ሲል እሰማለሁ፤ የሚላመደው ግን ሰውነታችን ሳይሆን ጀርሙ ነው። ከሚሊዮኖች ባክቴሪያዎች መካከል በዘረ መል ለውጥ ምክንያት መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ጥቂቶች ይኖራሉ። በቂ መጠን ያለው መድኃኒት ደካሞቹንም በከፊል የሚቋቋሙትንም ሊጠርግ ሲችል፣ ጎዶሎ መጠን ግን ደካሞቹን ብቻ ገድሎ ለቀሩት ቦታ ያሰፋላቸዋል። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1945 ባደረገው የኖቤል ንግግር ያስጠነቀቀው ይህንኑ የጎዶሎ መጠን አደጋ ነበር። እኛ ባለሙያዎች ይህን ማስጠንቀቂያ «መድኃኒት አታቋርጡ» ወደሚል አንድ ትእዛዝ አሳጥረነዋል ብዬ አምናለሁ። ትእዛዙ ትክክል ነው፤ ነገር ግን መድኃኒቱ የጎደለው አክስቴ ስላቋረጠች ይሁን ወተት ስላሰረው፣ ለባክቴሪያው ልዩነት የለውም። የሽንት ካልቸር ምርመራው (ባክቴሪያውን አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት የሚያየው) ባክቴሪያው ሲፕሮን እንደሚቋቋም አሳየና በሌላ መድኃኒት ዳነች። ባክቴሪያው ከመጀመሪያውም የተላመደ ሊሆን ስለሚችል ጥፋቱን ሁሉ በወተቱ ላይ አላሳብብም፤ ያ ሕክምና በሙሉ አቅሙ እንዳልተሞከረ ግን እርግጠኛ ነኝ።

ወተት ለመድኃኒት ሁሉ ጠላት ነው ማለትም አይደለም። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡና ከሚሴ ሲወረድ ወባ የተለመደ ሕመም ነው፤ ፋልሲፓረም ለተባለው አደገኛ የወባ ዓይነት የሚሰጠው ኮአርተም ደግሞ ቅባት ይፈልጋል። በውስጡ ካሉት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሉመፋንትሪን ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር ሲወሰድ በባዶ ሆድ ከሚወሰደው እስከ 16 እጥፍ የሚደርስ መጠን ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ለሲፕሮ የከለከልኩትን ያንኑ ብርጭቆ ወተት ለኮአርተም እመክራለሁ፤ ፍስክ የማይበሉ ደንበኞቼ ደግሞ ዘይት ጠብ ካለበት ሽሮ ጋር እንዲወስዱት እነግራቸዋለሁ። አገራችን ክሎሮኪን የተባለው የወባ መድኃኒት በፋልሲፓረም ላይ ስለከሸፈ በ1998 ፋንሲዳር ወደተባለ ሌላ መድኃኒት፣ እርሱም ሲከሽፍ በ2004 ወደ ኮአርተም መሸጋገሯን ሳስብ (ሁለቱም ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ከምግብ ጋር ውሰዱት የምትለዋን አጭር ምክር ቀላል አድርጌ ማየት አይቻለኝም።

ሁለቱ ጉዳዮች፣ የጀርም መላመድና መድኃኒት ከሌላ ነገር ጋር ሲወሰድ የሚፈጠረው ለውጥ፣ ይበልጥ የሚጠላለፉት በቲቢ ሕክምና ላይ ነው። ሪፋምፒሲን የተባለውን የቲቢ መድኃኒት የሚቋቋም የቲቢ ባክቴሪያ ከመቶ ሚሊዮን አንድ ያህል፣ ሌላውን የቲቢ መድኃኒት አይሶኒያዚድን የሚቋቋም ደግሞ ከሚሊዮን አንድ ያህል በተፈጥሮ ይገኛል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚቋቋም መገኘቱ ግን እጅግ የራቀ ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት መድኃኒቶች አንድ ላይ የሚሰጡት፣ ከዚያም ሁለቱ ለ4 ወራት የሚቀጥሉት በዚህ ስሌት ነው። እዚህ ላይ የመድኃኒቶች መደራረብ ታማሚውን ይጠብቀዋል። ሆኖም ያው ሪፋምፒሲን ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ፈጥኖ እንዲያስወግድ ያነሣሣል፤ በክንድ የሚቀበረው የእርግዝና መከላከያ አቅሙ ይዳከማል፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የሆነው ዶሉቴግራቪርም በቀን አንድ ጊዜ መሆኑ ቀርቶ 50 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ እንዲወሰድ ይደረጋል። ሁለተኛዋ ክኒን ከተረሳች አንዱን በሽታ የሚያድነው መድኃኒት ለሌላው በር ይከፍታል። ከደሴ ወጣ ብሎ ባለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለሚታከሙት መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ታማሚዎች ቀሪ አማራጮቹ ጥቂት ናቸው፤ እነዚያን ጥቂቶች እንዳናባክን የሚያሳስበኝም ስለዚህ ነው።

ስለ ጫትም መጠየቅ ጀምሬአለሁ። የመን ውስጥ በተደረገ ጥናት ጫት እየተቃመ የተወሰደ አምፒሲሊን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ ወደ ደም የሚገባው መጠን ቀንሶ ተገኝቷል። ሰው በጥያቄው እንዳያፍር «ከምሳ በኋላ ትቀመጣለህ?» ብዬ በለሆሳስ እጠይቃለሁ፤ አዎ ካለኝ ካፕሱሉን የሚውጥበትን ሰዓት እናራርቃለን። ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረት ክኒን ደግሞ ከቡና ጋር አይስማማም፤ ነፍሰ ጡሮች ከአቦልም ከቶናም አርቀው እንዲወስዱት እነግራቸዋለሁ።

ያለፈው ቅዳሜ አክስቴ ኮምቦልቻ ስትመጣ ቤት ያላትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛ እንድትመጣ ለምኛት ስለነበር ባንኮው ላይ ዘረገፈችው። ለእንቅርቷ የምትወስደውን የታይሮይድ ክኒን ከሱብሂ ሰላት በኋላ በባዶ ሆዷ፣ የጨጓራውን ሽሮፕ ደግሞ ቢያንስ 4 ሰዓት አራርቃ ከዙህር በኋላ እንድትወስድ ተስማማን። ከፌስታሉ ሥር አራት ፍሬ አሞክሲሲሊን የቀረበት ስትሪፕ ወጣ። «እሱን ተወው፤ የጎረቤት ልጅ ሲያስለው እንድሰጠው ያስቀመጥኩት ነው» አለችኝ። ወንበር አቀረብኩላትና ስለ አራቱ ካፕሱል ከመጀመሪያው ጀምሬ አወራኋት።