የ4 በ5 ኢንች ካሜራዬን ወደ ዲጂታል ስቀይር ያበላሸሁት ሌንስ

ክራውን ግራፊክ ለሚባለው፣ እስከ 1973 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ይመረት ለነበረው ካሜራዬ 4 በ5 ኢንች ፊልም በመንገደኛ ማስመጣት ሲሰለቸኝ፣ በጀርባው የሶኒ ዲጂታል ካሜራ ለመግጠም ወሰንኩ። ሥራው በአብዛኛው ቀላል ነበር። ምስሉ የሚታይበት የጀርባው ደብዛዛ መስታወት ከነፍሬሙ ይነሳል፤ በቦታው ቶርኖ ቤት ያሠራሁት፣ ወደ ጎን የሚንሸራተት የአሉሚኒየም ሳህን ይገባል፤ መካከሉ ላይ የሶኒው ካሜራ የሚገጠምበት ቀለበት ይታሰራል። ሴንሰሩ (በሶኒው ውስጥ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ከቀለበቱ 18 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ስለሚገኝ በደብዛዛው መስታወት የተስተካከለ ፎከስ አይሠራም፤ በካሜራው ስክሪን እያዩ ማስተካከል ግድ ነው።

ያንገበገበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ጭስ የገባባቸው ይመስሉ ነበር፤ ጥቁር መሆን የነበረበት በር እንኳ ግራጫ ሆኖ ወጣ። ያማከርኩት ጠጋኝ ሌንሱን ወደ ብርሃን አዙሮ ሳያይ «ጉም ይዟል፣ ይከፈት» አለኝ። እኔም ትዕግሥት አጥቼ፣ ተገቢው መፍቻ ሳይኖረኝ፣ የኋላውን ቀለበት በመቀስ ጫፍ ልፈታው ሞከርኩ። መቀሱ አምልጦኝ መስታወቱን ጫረው። ውስጡ ንጹሕ ነበር።

ምክንያቱን ያገኘሁት ሌላ ቀን፣ የሶኒውን ካሜራ ነቅዬ፣ ሌንሱን ወደ መስኮቱ አዙሬ በባዶው ቀዳዳ በአንድ ዓይኔ ስመለከት ነው። ሶኒው የሚገባበት የቀለበት ጠርዝ እንደታጠበ ሰሃን ያብረቀርቃል፤ የወናፉ (ሌንሱን ከጀርባው ጋር የሚያገናኘው ተጣጣፊ ክፍል) እጥፋቶችም አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። የእኔ ሌንስ፣ ሲማር ኤስ 150፣ አፐርቸሩ (የብርሃን መግቢያው ቀዳዳ) 22 ላይ ሲሆን 210 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የብርሃን ክብ ይጥላል፤ ሴንሰሩ ግን 36 በ24 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የተረፈው ብርሃን ሁሉ ወናፉንና ሳህኑን እየመታ ተመልሶ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል። መፍትሔው የሳህኑን ፊትና የቀዳዳውን ውስጥ በጥቁር ከፋይ መሸፈን፣ ከሌንሱም ፊት በካርቶን የተሠራ ጥላ ማቆም ሆነ። ይህን ሁሉ የጨረስኩት በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ በሩም ጠቆረ።

ሌንሱን እስከ 22 ዝጋ የሚለው የአምራቾች ምክር ለፊልም ይበጅ እንጂ በትናንሽ የሴንሰር ነጥቦች ላይ ምስሉን ያደበዝዛል፤ እኔ ከ11 አላልፍም። ሰፊ ምስል ለማግኘት ጎን ለጎን የተነሱ ፎቶዎችን ለመገጣጠም ሌንሱን ሳይሆን ሳህኑን አንሸራትቱ፤ ሌንሱ ቦታውን ከለቀቀ ቅርብና ሩቅ ያለው ነገር መገጣጠሚያው ላይ ይፋለሳል። የሶኒውን ካሜራ ወደ ቁመቱ አዙሬ በየ18 ሚሊሜትሩ አምስት ጊዜ ሳነሳ 96 በ36 ሚሊሜትር የሚሆን ምስል አገኛለሁ። የሁለቱ ዳር ፎቶዎች ማዕዘን በካሜራው አፍ ተከልሎ በመጠኑ ስለሚጨልም ቆርጬ እጥለዋለሁ።

ጭረቱ አሁንም አለ። ፀሐይ ከፊት ለፊት ስትሆን ፎቶው ላይ ቀጭን ነጭ ጅራት ስለሚጥል፣ ጠዋት ጠዋት ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ ማንሳት ትቻለሁ።