ወደ ሰሜን በሚሄድ ባቡር ላይ የደረሰኝ ማስጠንቀቂያ

ከስቶክሆልም በስዊድን ሰሜናዊ ጫፍ ወዳለችው ኪሩና በሚጓዘው የሌሊት ባቡር ውስጥ ሆኜ በስልኬ የምከታተለው ፀሐይን ነበር። ዕለቱ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 2024 ነው። ሶሆ የተባለችው ሳተላይት ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ የፀሐይን ደማቅ ገጽ በክብ ጋሻ ትከልልና ዙሪያዋን ታነሣለች። በምስሉ ውስጥ ሁለት እንግዶች ነበሩ፦ ጹቺንሻን-አትላስ የተባለው ጅራታም ኮከብና ለፀሐይ ቅርቧ ፕላኔት ሜርኩሪ።

ዓለም ሁሉ የሚያወራው ስለ ጅራታሙ ነበር። እኔን የያዘችኝ ግን ሜርኩሪ ናት። ከቀኝ ወደ ግራ እየተጓዘች ከፀሐይ ትርቃለች። ይህ አቅጣጫ ብቻውን ያለችበትን ይናገራል፤ ከፀሐይ ማዶ ናት ማለት ነው። በእኛና በፀሐይ መካከል ብትሆን ኖሮ ከግራ ወደ ቀኝ ባለፈች ነበር። ከበስተኋላ ያሉት ከዋክብትም ወደ ቀኝ ይንሸራተታሉ፤ እነሱን የሚያስኬዳቸው የምድር ፀሐይን መዞር ነው። ከጠፍጣፋ ምስል ላይ የሰማይን ጥልቀት እንዲህ ማንበብ መቻል እስካሁን ያስደንቀኛል።

ምስሉን ነጫጭ ነጠብጣቦች ያዥጎረጉሩት ጀመር። የካሜራውን መቀበያ የሚመቱት ከፀሐይ የተወረወሩ ፕሮቶኖች የተባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ናቸው። በዚያው ቀን ፀሐይ ላይ ኤክስ 1.8 የተባለ (ኤክስ ከሁሉ የበረታው ምድብ ነው) ፍንዳታ ደርሶ ነበር፤ ከፀሐይ የተተፋው የጋለ ጋዝ ደመናም ወደ እኛ እየመጣ ነው። ኮሎራዶ ቦልደር ያለው የትንበያ ማዕከል ያወጣው ማስጠንቀቂያ ጂ4 ይላል፤ ደመናው ምድር ላይ ከሚያስነሣው መግነጢሳዊ ማዕበል አምስት ደረጃዎች አራተኛው መሆኑ ነው።

ካርታዬን እንደገና አየሁ። ላየው የወጣሁት አውሮራ፣ ማለትም በዋልታ አካባቢ በሌሊት ሰማይ የሚታየው ባለቀለም ብርሃን፣ በሰላሙ ጊዜ እንደ ቀለበት ዋልታውን ይከባል፤ ኪሩናም ከሥሩ ትገኛለች። ማዕበሉ ሲበረታ ግን ቀለበቱ ሰፍቶ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ስለዚህ ወደ ሰሜን መገስገሱ ምን ይረባኛል? የደመና ትንበያው የተሻለ ወደሆነላት ከተማ ስንደርስ፣ ገና ሳይነጋ ወረድኩ።

ቀኑ ረጅም ነበር። ከፀሐይ የሚመጣው ደመና የተሸከመው መግነጢሳዊ መስክ ወደ ደቡብ ካዘነበለ የምድርን መግነጢሳዊ ጋሻ ይከፍታል፤ ወደ ሰሜን ካዘነበለ አብዛኛው ኃይሉ ዳር ዳሩን ያልፋል። የትኛው እንደሆነ በርግጠኝነት የሚታወቀው ከፊታችን የቆሙት ሳተላይቶች ጋ ሲደርስ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጊዜ ቢበዛ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። መምታቱ የተሰማው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ቦርሳዬን አንሥቼ ከከተማው መብራት ራቅኩ።

መጀመሪያ አረንጓዴ ቅስት ዝቅ ብሎ ወጣ። ቆይቶም ከበላዩ፣ አናቴ ላይ ደርሶ ወደ ደቡብ ያለፈ ቀይ ብርሃን ተዘረጋ። ቀዩ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ያለ ኦክስጅን የሚሰጠው ቀለም ነው፤ እንዲህ ሰፍቶ የሚታየው በብርቱ ማዕበል ጊዜ ነው። ጮኼ ነበር መሰለኝ፤ ብቻዬን ስለነበርኩ ማንም አልሰማኝም።

እንዲህ ላለው ሌሊት አስቀድሞ ትኬት መቁረጥ አይቻልም። ለሜርኩሪ ግን ይቻላል፦ ኖቬምበር 13 ቀን 2032 በፀሐይ ፊት ታልፋለች፤ ደቂቃውም ከወዲሁ ተሰልቷል። ለዚያ ጉዞ የፀሐይ ማጣሪያ የተገጠመለት ቴሌስኮፕ እያዘጋጀሁ ነው።