ሊጡ ኩፍ አልል ያለ ጊዜ

የገና ዋዜማ ነበር። የማታ ተረኛ ስለሆንኩ ሊጡን ቀደም ብዬ ነው ያቦካሁት። በሦስተኛው ቀን ክዳኑን ስከፍተው ምንም የለም። እንደ ጭቃ ተኝቷል። መጀመሪያ እርሾዬን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ ዱቄቱን፣ ቀጥሎ ዱቄቱን የሸጠልኝን ባለ ሱቅ። ኋላ ላይ ነው እጄ ራዲያተሩን የነካው። በረዶ ሆኗል።

የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ነው፣ ከጆርጂያ አቬኑ ገባ ብሎ ያለ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ። ማሞቂያችን እያንዳንዱ ሰው በቤቱ የሚያስተካክለው ዓይነት አይደለም። ምድር ቤት ያለ አንድ ቦይለር ውሃ ያሞቃል፣ ውሃው በቧንቧ እየወጣ የየቤታችንን ራዲያተር ያግላል። ቦይለሩ ከታመመ ሕንፃው በሙሉ ታመመ ማለት ነው።

አዲስ አበባ ሳለሁም ተከራይ ነበርኩ። አከራዬ እዚያው ግቢ ነበሩ። ስንት ባልዲ ውሃ እንደቀዳሁ ይቆጥራሉ፣ ማታ 3 ሰዓት ካለፈ በሩ ይቀረቀራል፣ እንግዳ ከመጣብኝ ፊታቸው ይጠቁራል። ስንቴ በሆዴ ረግሜያቸዋለሁ! ግን ጣሪያው ሲያፈስ ጠዋት ቡና ሲጠጡ ሄጄ፣ «እትዬ፣ ኧረ ውሃው አልጋዬ ላይ ነው» እላቸዋለሁ። ወይ ልጃቸውን ቆርቆሮው ላይ ያወጡልኛል፣ ወይ ይቆጡኛል። ቢያንስ የሚቆጣ ፊት አለ። እዚህ አከራዬ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሊዙ፣ ማለትም የኪራይ ውሉ ላይ ያለው የኩባንያ ስም ነው፣ ከኩባንያው ጀርባ ደግሞ ሌላ ኩባንያ አለ። ኪራይ የዘገየ ጊዜ ግን ሁሉም ያውቁኛል።

ሕንፃውን ለሚያስተዳድረው ማኔጅመንት ደወልኩ። ማሽን አነሳው። መልእክት ተውኩ። በነጋታውም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን አንዲት ልጅ አነሳችና በትሕትና «በፖርታሉ አስገቢው» አለችኝ። በድረ ገጻቸው አስገባሁ። አራት ቀን ቆይቶ ስልኬ ጮኸ፦ «ያቀረቡት ጥያቄ ተጠናቋል» ይላል። ማንም አልመጣም። ከታች ደግሞ ለአገልግሎቱ ከ1 እስከ 5 ኮከብ እንድሰጥ ይጠይቀኛል። ብስጭቴ ሳቅ ሆኖ ወጣ።

የሕንፃው ጥገና ሠራተኛ ደግ ሰው ነው። ደረጃ ላይ ይዤ ጠየቅኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። ዕቃው መለወጥ አለበት፣ ኩባንያው ግን ገንዘቡን አልለቀቀም።

የመጀመሪያው ማታ የሠራሁትን ልናገር፣ ሌላ ሰው እንዳይደግመው። የጋዝ ኦቭኑን ለኩሼ፣ በሩን ከፍቼ ተኛሁ። በነጋታው ሥራ ቦታ ለአንዷ ነርስ ስነግራት በቁጣ ጮኸችብኝ። እኛ አገር ቤት ውስጥ ያደረ ከሰል የሚገድለው ጋዝ ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ። ሽታ የለውም። ከዚያ በኋላ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ማሞቂያ ገዛሁ። እሱም ጣጣ ነው። ምጣዱና ማሞቂያው አንድ ላይ ከተሰኩ ብሬከሩ ይወርድና ቤቱ ጨለማ ይሆናል። ወይ እንጀራ ወይ ሙቀት፣ ምረጪ አለኝ።

ሁለተኛ ፎቅ አንድ ጋሼ አሉ። ካፖርታቸው ላይ ጋቢ ደርበው አገኘኋቸው። እንክሰስ ስላቸው ደነገጡ። «ልጄ፣ ሰው አገር ነው ያለነው። ዛሬ ትናገሪያለሽ፣ ነገ ሊዝሽን አያድሱልሽም። ወረቀትሽንም ቢነኩብሽስ?» መኝታ ቤታቸው መስኮት የማይዘጋ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። በጋዜጣና በፕላስተር ለጥፈውት ይኖራሉ። አልፈረድኩባቸውም። እኔስ የመታጠቢያ ቤቴ ጣሪያ ቢጫ ሆኖ ሲያብጥ ስንት ወር ዝም ብዬ አይቼዋለሁ? ይሉኝታ ነው እንላለን፣ ግማሹ ግን ፍርሃት ነው።

ከዝምታ ያወጣችኝ ፊት ለፊቴ ያለችው ሳልቫዶራዊት ናት። ሁለት ልጆች አሏት። በሬን አንኳኩታ ቴርሞሜትር ሰጠችኝ፣ ከአንድ ዕቃ መሸጫ በርካሽ የገዛችው። ራዲያተሩ አጠገብ ሳይሆን ክፍሉ መሃል አድርጊው አለችኝ። ከጎኑ ሰዓት አስቀምጪ፣ ጠዋትና ማታ ፎቶ አንሺ። 52 ፋራናይት። ወደ 11 ሴንቲግሬድ ነው። ይሄን ሳይ ሊጤን ይቅርታ ጠየቅኩት።

ከዚያ በኋላ ነው ሕጉ ምን እንደሚል የሰማሁት። ዲሲ ውስጥ ከኦክቶበር 1 እስከ ሜይ 1 ማሞቂያው በአከራዩ እጅ ከሆነ፣ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ ማታ 5 ሰዓት ቤቱ ከ68 ፋራናይት መውረድ የለበትም። ሌሊት ከ65። ሊዝ ስላለቀ ብቻም ተከራይ አይባረርም፣ ወር በወር ይቀጥላል። አቤቱታ ካቀረብሽ በ6 ወር ውስጥ አከራዩ ቢነካሽ፣ ብቀላ አለመሆኑን ማስረዳት ያለበት እሱ ነው። (ይሄ የዲሲ ነው። ጎረቤት ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ሕጋችሁ ሌላ ነው፣ ከእኔ ሰማን ብላችሁ እንዳትሄዱ።)

311 ደወልኩ፣ የከተማው አስተዳደር ስልክ ነው። እንግሊዝኛ እችላለሁ፣ ሥራዬም በእንግሊዝኛ ነው። ግን ስናደድ ቃላቱ ይጠፉብኛል። ሴትዮዋ ምን ቋንቋ እንደምፈልግ ስትጠይቀኝ አማርኛ አልኳት። ትንሽ ቆይቶ በመስመሩ ላይ «ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልርዳዎት?» የሚል ድምፅ መጣ። አይኔ እንባ አቀረረ፣ አልዋሽም። የዲሲ የቋንቋ ሕግ በፈረንጆቹ 2004 ሲወጣ መሥሪያ ቤቶቹ በተለይ ከሚያገለግሏቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ሆነ። ይሄን የሠራው ከእኛ በፊት መጥቶ ታክሲ የነዳው፣ ፓርኪንግ የቆመው ሕዝብ ብዛት ነው። አስተርጓሚውና እኔ «ራዲያተር» ላይ ትንሽ ተቸገርን። በመጨረሻ «ግድግዳ ሥር ያለው ብረት» ብለን ተግባባን። ወረቀቴን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

በዚያው ቀን ሳልቫዶራዊቷ ከሦስት ቤት በላይ አስደወለች። ጋሼንም እኔ ስልኬን ይዤ ወርጄ አስደወልኳቸው። እየፈሩ ደወሉ፣ ግን ደወሉ።

በማግስቱ ኢንስፔክተር መጣ። ረጅም ሰውዬ ነው፣ ጫማው ላይ ሰማያዊ ላስቲክ አጠለቀ። በመሣሪያው ለካ፣ ጻፈ፣ ፎቶ አነሳ። ወጥ ቤት ሲገባ በብርድ ልብስ የተጠቀለለውን ባልዲ አየና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። የዳቦ ሊጥ ዓይነት ነው፣ በርዶት ነው አልኩት። በቁም ነገር ራሱን ነቀነቀ።

ኩባንያው ማስጠንቀቂያ ደረሰው። የመጣው ግን ቦይለር ሳይሆን ለየቤቱ አንድ አንድ ማሞቂያ ነው። ስለ ብሬከሩ ነገርኳችሁ አይደል።

ቡና ላይ ጓደኞቼ አንድ ነገር ብቻ ይላሉ፦ «ኪራይ አትክፈዪ!» እኔም ልቤ ዳድቶ ነበር። የተከራይ ጉዳይ የምታማክር አንዲት ሴት አረጋጋችኝ፤ አንድ የቆየ ታሪክም ነገረችኝ። በ1966 ከእኛ ሰፈር ብዙ የማይርቀው ክሊፍተን ቴራስ የሚባል ሕንፃ ተከራዮች ኪራይ አንከፍልም ብለው ያዙ። ሕንፃው ወደ 1,500 የሚጠጋ ጥፋት አለበት ብለው ነበር። በ1970 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ፣ ቤቱ ለመኖሪያ ካልሆነ ሙሉ ኪራይ መጠየቅ አይቻልም የሚል ፍርድ ሰጠ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የሚጠቀስ ፍርድ ነው። «ግን» አለችኝ፣ «ገንዘቡን በልተሽው ዳኛ ፊት ከቀረብሽ ቤቱንም ታጪዋለሽ።» ኪራይ የሚይዝ ሰው ሳንቲሟን ሳይነካ ያስቀምጣል፤ ዳኛው ፍርድ ቤት አስገቢ ሊላት ይችላልና። እኔ ደግሞ ራሴን አውቃለሁ። እጄ ላይ ያለ ገንዘብ አገር ቤት ይላካል። ስለዚህ ኪራዬን መክፈሌን ቀጠልኩ።

የሄድኩት በሌላ በር ነው። ሱፒሪየር ኮርት የሚባለው የዲሲ ፍርድ ቤት ከ2010 ጀምሮ ለቤት ጥገና ብቻ የሚያይ ችሎት አለው። ማመልከቻው 15 ዶላር ነው፣ ለማይችል እሱም ይቀራል። ጠበቃ አያስፈልግም። ገንዘብ አያስከፍልልሽም፣ ጥገናውን ግን ያዝልሻል። ፎቶዎቹን በየቀናቸው ደረደርኩ፤ ያችን «ተጠናቋል» የምትል መልእክትም ከላይ አደረግኳት።

ችሎት ልቀርብ 3 ቀን ሲቀረኝ፣ ጠዋት ከሥራ ስገባ የሕንፃው በር ላይ ሁለት የጭነት መኪና ቆሟል። ምድር ቤት ሰው ይራኮታል። ማታ ላይ ቧንቧው መንኳኳት ጀመረ፣ ጓ ጓ ጓ፣ አንድ ሰው በመዶሻ የሚመታው ይመስላል። ሌላ ጊዜ እንቅልፍ የሚነሳኝ ድምፅ ነው። ያን ዕለት ተነስቼ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አዳመጥኩት።

አሁን ቤቱ ከመጠን በላይ ይሞቃል። በፌብሩዋሪ መስኮት ከፍቼ አድራለሁ። ሊጡ በሁለት ቀን ገንፍሎ ክዳኑን ይገፋል። ጋሼ ባለፈው ደረጃ ላይ አገኙኝና ዞር ዞር ብለው አይተው፣ «ያቺ ስልክ ቁጥር... ለመስኮትም ትሆናለች?» አሉኝ።

የመታጠቢያ ቤቴ ጣሪያ ገና ነው። ትናንት ማታ ፎቶ አነሳሁት፣ ሰዓቱን ከጎኑ አድርጌ።